ጎቲያ ካፕ ለሚሄድ የሴት ልጆች ቡድን፦ ወረቀቱ፣ ታኬታውና አራተኛው ጨዋታ

ኮች፣ የጠየቁት ሦስት ነገር ነው። ከ17 ዓመት በታች የሴት ልጆች ቡድንዎ በሚቀጥለው ሐምሌ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ላይ በሚካሄደው ጎቲያ ካፕ ሊሳተፍ አስቧል፤ ቪዛውን መቼ መጀመር እንዳለብዎ፣ ስንት ተጫዋች መያዝ እንደሚሻልና ልምምዱን ምን ያህል ማጠንከር እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋሉ። ከመጨረሻው ልጀምር፦ ልምምዱን አያጠንክሩት። ከእኛ አገር የሚሄዱ ልጆች ሩጫ አያንሳቸውም። ቡድን የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ እዚሁ፣ ወረቀት ላይ፣ ሌላው እዚያ፣ እግር በሚዝልበት በአራተኛው ጨዋታ ላይ።

ውድድሩን ለማያውቁት የቡድኑ ወላጆች ባጭሩ፦ ጎቲያ ካፕ እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረ፣ በየዓመቱ የሚካሄድ የወጣቶች ውድድር ነው፤ ሴትም ወንድም በየዕድሜው ይጫወታል። የሚካሄደው በአውሮፓ አቆጣጠር በዓመቱ 29ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ ከሐምሌ 5 በኋላ ባሉት ቀናት ማለት ነው። ከ1,500 በላይ ቡድኖች ይሳተፋሉ። ብሔራዊ ቡድኖች ከሚጫወቱበት የፊፋ ከ17 ወይም ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ጋር ግን አይምታታ፤ ይህ የክለቦች ውድድር ነው፣ ማጣሪያም የለውም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ለኮስታ ሪካው የ2022 ዓለም ዋንጫ ከ20 ዓመት በታች ሴቶቻችን እስከ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር ደርሰው በጋና ተሸንፈው ቀርተዋል። አንዲት ልጅ የውጭ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው እንዲያ ባለ ወሳኝ ግጥሚያ ላይ መሆን የለበትም። በ15 እና በ16 ዓመቷ ከስካንዲኔቪያም ከአሜሪካም ከመጡ እኩዮቿ ጋር በሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ብትጫወት የምታገኘው ነገር በአገር ውስጥ ሊግ በብዙ ወር የማይገኝ ነው። ለዚህ ነው ጉዞው ልፋቱ ይገባዋል የምለው።

ወደ ወረቀቱ። ማጣሪያ የሌለው ውድድር ስለሆነ ተመዝግቦ የከፈለ ቡድን ይገባል። ስለዚህ «ግብዣ አምጥቼላችኋለሁ፣ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል አዋጡ» የሚል መካከለኛ ከመጣ፣ ወላጅ አንድ ብር ከማውጣቱ በፊት ቡድኑ በራሱ ስም ከአዘጋጁ ጋር መመዝገቡን ያረጋግጡ። ለኤምባሲ የሚሆነውን ደብዳቤም በቀጥታ ከአዘጋጁ ይጠይቁ። ከዚህ ጎን ለጎን ከኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ቡድኑ ከአገር ወጥቶ እንዲጫወት የሚፈቅድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ይህን ለመጨረሻ ሰዓት አያቆዩት።

የዕድሜ ምድቡ የሚቆጠረው በፈረንጆች የትውልድ ዓመት ነው፤ ድንበሩ ጃንዋሪ 1 ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቡድን የሚሳሳተው። ጃንዋሪ 1 በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ታኅሣሥ 22 ነው። 2000 ዓ.ም. እንዲህ ካሉት ዓመታት አንዱ ነው። ታኅሣሥ 21 ቀን 2000 የተወለደች ልጅ የ2007 ልጅ ናት፣ ታኅሣሥ 22 የተወለደችው ደግሞ የ2008። በአንድ ቀን ልዩነት ሁለቱ በተለያየ የዕድሜ ምድብ ይወድቃሉ። ሌላው ስሕተት ቀኑንና ወሩን እንዳለ ትቶ ዓመቱ ላይ ብቻ 8 መደመር ነው። ግንቦት 12 ቀን 2000 ማለት ሜይ 20 ቀን 2008 ነው፤ «12/09/2008» ብሎ የጻፈ ሰው ልጅቷን በሴፕቴምበር ወር አስወልዷታል ማለት ነው። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ቀን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ሌላ ቀን፣ ቴሴራው (የተጫዋችነት መታወቂያዋ) ላይ ሦስተኛ ቀን ከተገኘ ቪዛ የሚመረምረው ሰው የሚያየው የሒሳብ ስሕተት ሳይሆን የተሰረዘና የተደለዘ ዕድሜ ነው። ከዕድሜ በላይ የሆነች ልጅ አሰልፎ መገኘት ደግሞ ውጤት ያሰርዛል። የሁሉንም ልጆች ቀን አንድ ሰው ተቀምጦ በእጁ ይቁጠር፣ ሌላ ሰው ይድገመው። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ አንዷ ትዕግሥት በሦስት ወረቀት በሦስት ዓይነት የላቲን ፊደል እንዳትጻፍ።

ዕድሜያቸው ከ18 በታች ስለሆነ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀና የተተረጎመ። ከወላጆቿ አንዱ በሕይወት ከሌለ የሞት ምስክር ወረቀት ይቀርባል። አንዱ የት እንዳለ የማይታወቅ ከሆነ ወይም ልጅቷ አያቷ ወይም አክስቷ ጋር የምታድግ ከሆነ ጉዳዩ የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ ይጠይቃል። ከሁሉም ረጅሙ ይህ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ይህን ይጠይቁ፤ መስከረም ላይ የታወቀ ነገር ይስተካከላል፣ ሚያዝያ ላይ የታወቀ ግን ልጅቷን ያስቀራታል።

የሸንገን ቪዛ (ስዊድንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ለውድድሩ ሲሰላ ከጥር መጀመሪያ አካባቢ ይከፈታል ማለት ነው። የመመርመሪያው ጊዜ ለሌላው አገር ዜጋ በመደበኛ 15 ቀን ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ 45 ቀን ሆኗል። በዚያው ውሳኔ ማስረጃ የሚቀርላቸው ሰዎች የሉም፣ የብዙ ጊዜ መግቢያም አይሰጥም። የቀጠሮ ወረፋም አለ። መጋቢት ሳያልቅ ፋይሉ ገብቶ መገኘት አለበት። ፓስፖርቱ ከሸንገን ከወጡ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት፤ የጉዞ ጤና መድኅኑ ሽፋን ከ30,000 ዩሮ አያንስም። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ነገር ግን ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት በተዘጋጀ የስፖርት ውድድር ላይ የሚሳተፉ፣ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች የሆኑ ሰዎች ክፍያው ሊቀርላቸው እንደሚችል የቪዛ ሕጉ ይፈቅዳል። ግዴታ ስላልሆነ በደብዳቤ መጠየቅ ነው፤ ለ18 ልጅ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አንድ የማይነገር ነገር ልናገር። መርማሪው ልቡ ውስጥ የሚጠይቀው ልጆቹ ይመለሳሉ ወይ ብሎ ነው። መልሱ ወረቀት ላይ ይታይ፦ የትምህርት ቤት ደብዳቤ (ልጅቷ በመስከረም ስንተኛ ክፍል እንደምትቀጥል የሚጠቅስ)፣ የደርሶ መልስ ትኬት ማስያዣ፣ ቡድኑ በሊግ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ የሚያሳይ የፌዴሬሽን ማስረጃ፣ የሚሸኛቸው ሰው ሥራና ኃላፊነት። ከቡድኑ ጋር ልምምድ ሠርታ የማታውቅ የአንድ ደጋፊ ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባች የሁሉም ፋይል ይጠረጠራል። እምቢ ይበሉ። ሰው ቢቀየም ይሻላል።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። አራት አራት ቡድን በየምድቡ ይደለደላል፤ ከምድቡ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ «ኤ» ጥሎ ማለፍ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወደ «ቢ» ጥሎ ማለፍ ያልፋሉ። ስለዚህ ቢያንስ 4 ጨዋታ እርግጠኛ ነው፣ እስከ ፍጻሜ የሚሄድ ቡድን ደግሞ 7 ወይም 8 ሊጫወት ይችላል፤ ያውም በስድስት ቀን አካባቢ። በፊፋው ውድድር በጨዋታና በጨዋታ መካከል የዕረፍት ቀናት አሉ፣ እዚህ ግን ዛሬ ተጫውተው ነገ ይደግማሉ፤ በአንድ ቀን ሁለቴም ሊገጥም ይችላል። የጨዋታው ደቂቃ እንደ ዕድሜው ከ90 ያነሰ ነው። አጭር ስለሆነ ያሳስታል፤ አሠልጣኙ «ትችለዋለች» ብሎ ምርጥ አሥራ አንዱን አያወጣም፣ ልጆቹም በሦስተኛው ቀን ጭናቸውን መያዝ ይጀምራሉ።

የሚበጀው 18 ልጅ መውሰድ ነው፣ 2 በረኛ እና 16 የሜዳ ተጫዋች። ደቂቃውን አስቀድመው በወረቀት ያከፋፍሉ። ለምሳሌ አንዱ አጋማሽ 25 ደቂቃ ቢሆን፣ ሦስቱ የምድብ ጨዋታዎች 150 ደቂቃ ናቸው፤ በ10 የሜዳ ቦታ ሲባዛ 1,500 ደቂቃ። እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዷ 94 ገደማ ይደርሳል። ጠንካሮቹ ስምንት እስከ 110፣ ሌሎቹ ስምንት 77 ገደማ ቢጫወቱ ሒሳቡ ይሞላል፤ በአራተኛው ጨዋታ ላይም ትኩስ እግር ይኖራል። በእንዲህ ያለ የወጣቶች ውድድር የወጣች ተጫዋች ተመልሳ እንድትገባ የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው፤ የዓመቱን ደንብ አንብበው ከተፈቀደ በየ10 እና 12 ደቂቃው ሁለት ሁለት እያደረጉ ይቀይሩ። መስመር ላይ የሚሮጡትን ተከላካዮችና የክንፍ አጥቂዎች ያስቀድሙ፣ ቶሎ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። የመሐል ተከላካዮቹን ጥንድ ግን ብዙ አይነካኩ፤ ጎል የሚገባው እነሱ ሲቀያየሩና ማን ማንን እንደሚይዝ ሲጠፋ ነው። ደቂቃውን የሚመዘግብ ሰው አሠልጣኙ መሆን የለበትም፤ የቡድን መሪዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ትቀመጥ።

ታኬታ ላይ አልደራደርም። ብዙዎቹ ሜዳዎች ሰው ሠራሽ ሣር ናቸው። ለተፈጥሮ ሣር የተሠራው ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ይነክሳል፤ ልጅቷ ስትዞር እግሯ ተተክሎ ይቀርና ጉልበቷ ብቻውን ይዞራል። የጉልበት የፊተኛው ጅማት መበጠስ ሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ቢያንስ በእጥፍ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ አንዴ ከደረሰ ከ9 ወር ያላነሰ ዕረፍት ያስከትላል፣ በእኛ አገር ሕክምናው ራሱ የቤተሰብ ጥሪት ይጨርሳል። ጥርሱ አጠር ያለና በዛ ያለ፣ ለሰው ሠራሽ ሣር የተሠራውን ይግዙ። ከጉዞው 4 ሳምንት በፊት ተገዝቶ ይለመድ፤ በአዲስ ታኬታ የተጀመረ ውድድር በሁለተኛው ቀን ተረከዝ ይልጣል። ልምምድዎ በአፈር ሜዳ ከሆነ፣ በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሰው ሠራሽ ሣር ተከራይተው ይሥሩ፤ ኳሱ ሜዳ ላይ ይፈጥናል፣ መጀመሪያው ንክኪ ካልተስተካከለ ያመልጣል።

ከታኬታው ጋር የሚሄደው ማሟሟቂያው ነው። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው 20 ደቂቃ ይወስዳል፦ 8 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ከ1,800 በላይ ሴት ተጫዋቾች ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት አጠቃላይ ጉዳትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥቅሙ የሚታየው በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ለወራት ሲሠራ ነው፣ ስለዚህ ከዛሬ ይጀምሩ። ሲሠራ ጉልበታቸውን ይመልከቱ፤ ዘልላ ስታርፍ ሁለቱ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ የሚጋጩባት ልጅ ካለች በመጀመሪያ መታረም ያለባት እሷ ናት። በጨዋታ ቀን መካከለኛውን የጥንካሬ ክፍል ይዝለሉት፣ እግር ያደክማል።

ከፍታውንም ያስቡበት። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይርቃል፤ ጎተንበርግ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፣ አየሩ ወፍራም ነው። እዚህ ክንፍ ላይ የሚደርሰው ረጅም ኳስ እዚያ አጥሮ ተጋጣሚ እግር ሥር ይወድቃል፣ የበረኛዋ ምት ያጥራል፣ ቅጣት ምት ይበልጥ ይታጠፋል። ቀድመው ደርሰው አንድ ልምምድ ለረጅም ኳስ፣ ለማዕዘን ምትና ለበረኛዋ ብቻ ይስጡ።

ምግብ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ማለት ነው። ስለዚህ የሚጾሙት ልጆች የመጨረሻዎቹን የዝግጅት ሳምንታት በጾም ነው የሚያሳልፉት። ይህ ችግር አይደለም፣ ካወቁበት፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ኦቾሎኒ መጠኑ ይጨመር፤ ልምምዱ ከምግብ ሰዓት ጋር ይጣጣም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙትን ስም ለመመገቢያው ቀድመው ያስታውቁ፣ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተትና እንቁላልም የሌለበት ምግብ ይጠይቁ። ለሙስሊሞቹ ልጆችም እንዲሁ ስለ ሐላል ይጠይቁ። ከጨዋታ 3 ሰዓት በፊት ዋናው ምግብ፣ ጨዋታው እንዳለቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሙዝ፣ ዳቦና ውኃ። በሶ ይያዙ፣ ከሁሉም የተሻለ የሁለት ጨዋታ መካከል ምግብ ነው። ቋንታ፣ አይብና ቅቤ ግን አይያዙ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ጉምሩክ ይወስደዋል።

ከጉዞው 10 ሳምንት በፊት ሁሉም ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የሰውነት የብረት ክምችት) ይመርመሩ። በዚህ ዕድሜ ያለች፣ የወር አበባ የምታይ፣ በየቀኑ የምትሮጥ ልጅ ብረቷ ማነሱ የተለመደ ነው፤ «ሰነፈች» የምትባለው ልጅ ብዙ ጊዜ ይህች ናት። ክምችቱ ለመመለስ ሳምንታት ስለሚወስድ ሰኔ መጨረሻ መመርመር ጥቅም የለውም። እንክብሉን ሐኪም ይዘዝ፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጣ፣ ብረቱን ያግዳል። የወር አበባዋ 3 ወርና ከዚያ በላይ የጠፋባት ካለች ብዙ እየሮጠች ትንሽ እየበላች ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ትይ። ሞዴስ ለእያንዳንዷ ሁለት እሽግ፣ በቡድኑ ሻንጣም ተጨማሪ ይኑር፤ ጉዞ ቀኑን ያዛባል። ቁምጣው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሁን፣ ነጭ አይግዙ። ይህን ሁሉ ልጆቹ ሳይሳቀቁ የሚነግሯት ሴት ኃላፊ ያስፈልጋል። እርስዎ ሴት ቢሆኑም አንድ አይበቃም፤ አንዷ ሆስፒታል ብትሄድ ሌላዋ ከልጆቹ ጋር ታድራለች። ሁለት ሴት አዋቂ ይሂዱ።

የሚያድሩት ትምህርት ቤት ከሆነ ብዙ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ፍራሽና አንሶላ ማን እንደሚያቀርብ ቀድመው ይጠይቁ። በሐምሌ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ወጥታለች። ለሁሉም የዓይን መሸፈኛ ይግዙ፤ እንቅልፍ ያጣ ቡድን በሦስተኛው ቀን ይታወቃል። ሰዓቱን ነገር ደግሞ አደራ፦ መርሐ ግብሩ ላይ 08:00 የተጻፈው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። «8 ሰዓት» ብሎ ከቀትር በኋላ ያሰበ ሰው ቡድኑን በፎርፌ ያስቀጣል። ከአውሮፕላኑ ከወረዱ ጀምሮ ሁሉም ሰው፣ ልጆቹም ጭምር፣ በአገሬው ሰዓት ብቻ ይናገር።

ማሊያ ሁለት ቀለም። የቅልጥም መከላከያ ግዴታ ነው። ጌጥ ሁሉ ክልክል ነው፣ የጆሮ ጉትቻ በፕላስተር ሸፍኖ መጫወትም አይፈቀድም፤ ስለዚህ ጆሯቸውን አዲስ እንዳይበሱ። ማተብ ላይ ዳኛው እንድታወልቅ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሜዳ ዳር ላይ ልጅቷ ስታለቅስ ከመነጋገር፣ ከወላጆቿና ከእሷ ጋር እዚህ ሆነው ይወስኑ። ሒጃብ ይፈቀዳል፦ ከማሊያው ጋር በቀለም የሚሄድ፣ ራስ ላይ ጥብቅ ያለ፣ መርፌ ቁልፍ የሌለው ከሆነ።

ጥሎ ማለፉ ላይ አቻ ሲወጣ ፔናልቲ ስለሚመጣ መቺዎቹ ተለይተው ይሂዱ። ልምምዱን ልጆቹ ሲደክሙ፣ በመጨረሻው 10 ደቂቃ ያድርጉት፤ ትኩስ ሆኖ የሚገባ ፔናልቲ ምንም አይነግርዎትም። ወደ «ቢ» ከወረዱም ቅስም አይሰበር፤ እዚያ ያሉት ቡድኖች ከእርስዎ ጋር ተቀራራቢ ስለሆኑ ሦስትና አራት ጠንካራ ግጥሚያ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ለልጆቹ ከመነሻው ይህን ይንገሯቸው።

ለአሁኑ የልጆቹን የልደት ቀን ብቻ፣ ስም ሳይጨምሩ፣ በእኛ አቆጣጠር እዚህ ሥር ይጻፉልኝ። ማን በየትኛው ዕድሜ ምድብ እንደምትገባ ቆጥሬ እመልስልዎታለሁ።